የአንደበት ዋጋ፦ ከማር ውርርድ እስከ ጥብቅና ውል

በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የኖረው የሙግት ሥርዓት ከሁሉ አስቀድሞ የአንደበት ሥርዓት ነበር። ዳኛው ከዋርካ ሥር ወይም ከሹሙ ግቢ ይሰየማል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አደግድገው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ዙሪያውን ደግሞ ከገበያ የተመለሰውም፣ ከእርሻ የዋለውም ተሰብስቦ ያዳምጣል። ከሳሽ «በላ ልበልሃ!» ብሎ ይነሣል። ተከሳሽም በተራው ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ ነገሩን በምሳሌ እያዋዛ፣ በትሩን እየወዘወዘ ይመልሳል። «ተጠየቅ!» የሚለው ጥያቄ ሲወረወር «ልጠየቅ!» የሚለው መልስ ይከተላል። የተረታው ሰው የሚረታው ምስክር ስላጣ ብቻ አልነበረም፤ ቃል ስላነሰውም ጭምር ነበር። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው አባባል ለሹመት ፈላጊ የተነገረ ይምሰል እንጂ ለተሟጋችም ይሠራ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ንግግር የማያውቅ፣ ዓይነ አፋር የሆነ፣ ዕድሜ የተጫነው፣ ወይም ባሏ የሞተባትና ወገን የራቃት ሴት ከዚያ ሸንጎ ፊት ስትቆም ምን ይሆናል? የሌላ ሰው አንደበት መያዝ ያስፈልጋል። አንደበት ደግሞ እንደ ሌላው ሁሉ ዋጋ አለው። ያንን ዋጋ ማን ይከፍላል? ለማን ይከፍላል? ስንት ነው ተገቢው? እነዚህ ጥያቄዎች ዛሬ በጠበቃ ቢሮ የጥብቅና ውል ሲፈረም የሚነሡ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ከውሉ ወረቀት እጅግ ይርቃል።

ዳኛው የሚበላበት ሸንጎ

በቀድሞው ሥርዓት ዳኛ ከመንግሥት ደመወዝ አይቆረጥለትም ነበር። ዳኝነት ከሹመት ጋር የተያያዘ ሥልጣን ስለነበር የሚተዳደረውም ሹመቱ ከሚያስገኘው ነገር ነው። ከነዚህ ገቢዎች አንዱና ምናልባትም ለተመልካች እንግዳ የሚሆነው ውርርድ ነበር። ተሟጋቹ «እንዲህ ባይሆን በማር!» ወይም «በበቅሎ!» አሊያም «በፈረስ!» ብሎ ይወራረዳል። ተቃራኒው ወገን ውርርዱን ከተቀበለ ዋስ ይጠራል። በመጨረሻ የተረታው ሰው የተወራረደበትን ማር፣ በቅሎ ወይም ብር ይከፍላል። ተከፋዩ ግን የረታው ባላጋራ ሳይሆን ዳኛው ነበር።

ይህ ሥርዓት ዛሬ ሲታይ የሚያስደንቅ ቢመስልም የራሱ አመክንዮ ነበረው። ውርርዱ ተሟጋቹ የተናገረውን ቃል ዋጋ እንዲሰጠው ያስገድዳል፤ ያላመነበትን ነገር በከንቱ የሚከራከር ሰው ለከንቱነቱ ይከፍላል። በሌላ በኩል ግን ክርክሩ በረዘመ ቁጥር፣ በየመካከሉም አዲስ ነጥብ በተነሣ ቁጥር፣ ውርርዱ ይደራረባል። ነገር በበዛ ቁጥር የሚጠቀመው ዳኛው ነው ማለት ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ዳኛው ነገሩን ለማሳጠር የሚቸኩልበት ምክንያት ብዙ አልነበረም።

ከውርርዱ ሌላ የዋስ ነገር ነበር። ተሟጋች በቀጠሮው ቀን ለመቅረቡም፣ ቢረታ ለመክፈሉም ዋስ መጥራት ነበረበት። ዋስ ያጣ ሰው ከባላጋራው ጋር በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቆራኝቶ ይውላል፤ «ቁራኛ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ወገን የሌለው ሰው ፍትሕ ለመጠየቅ ሲነሣ ገና ከደጃፉ ይደናቀፋል። እጅ መንሻ ማቅረብም የተለመደ ነበር። በልማድ የሚቀርበው እጅ መንሻ የት አብቅቶ የሚያስነውረው መማለጃ የት እንደሚጀምር ግን ድንበሩን ለይቶ ማስቀመጥ ከባድ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ ዳኞች በሚናገረው ክፍሉ ዳኛ መማለጃ እንዳይቀበል አጥብቆ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው መኖሩ ራሱ ፈተናው መኖሩን ይመሰክራል።

በአጭሩ የጥንቱ ተሟጋች ገንዘቡን የሚያወጣው ለዳኛው ነበር። ስለ እርሱ ሆኖ ለሚናገርለት ሰው የሚከፍለው ነገር ቢኖር በይፋ የተተመነ ዋጋ ሳይሆን ስጦታ፣ ግብዣ ወይም ውለታ ነበር።

ጠበቃና ነገረ ፈጅ

ቋንቋው ራሱ ለዚህ ሙያ ሁለት ስም ሰጥቶታል። «ጠበቃ» ጠበቀ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን የሚጠብቅ፣ ዘብ የሚቆም ማለት ነው። «ነገረ ፈጅ» ደግሞ ነገርን የሚፈጅ፣ ማለትም ጉዳዩን ከዳር የሚያደርስ ነው። ይሁን እንጂ ፈጀ የሚለው ግሥ ሁለት መልክ አለው፤ ሥራን ከፍጻሜ ማድረስም ነው፣ ማጥፋትና መጨረስም ነው። እሳት ይፈጃል፤ ሙግትም ሀብት ይፈጃል። ሕዝቡ ቃሉን ሲመርጥ ይህንን አስቦት ይሁን ሳያስበው፣ በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ርቀት ደንበኛ በጠበቃው ላይ ያለውን ተስፋና ፍርሃት ያህላል። የሚጠብቀኝ ነው ወይስ የሚፈጀኝ?

ይህ ተስፋና ፍርሃት ከሁሉ ይልቅ የታየው በርስት ሙግት ነው። ርስት በአባትም በእናትም ወገን የሚወረስ መብት ስለነበር አንድ ሰው በብዙ አያቶች በኩል በብዙ ቦታ ድርሻ ሊጠይቅ ይችል ነበር። በመሆኑም የዘር ሐረግ መቁጠር፣ የቀድሞ ክፍፍልን ማስታወስ፣ ሽማግሌ ምስክር ማፈላለግ የሙግቱ ዋና መሣሪያዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጎጃም ደጋ ዳሞት የርስት ሥርዓትን ያጠናው አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ ከአንድ አያት የሚወለዱትን ወገኖች ወክሎ የመሬቱን ጉዳይ የሚይዘው ሰው «ፈጅ» ይባል ነበር። ነገር አዋቂ ሰው በዚህ መንገድ ለወገኑ እየተሟገተ ለራሱም መሬትና ክብር ያካብታል። ወገኑ ወጪውን ያዋጣል፤ ሲረታ ድርሻውን ይቀበላል።

እዚህ ላይ ዛሬ በሕግ ቋንቋ ብዙ የሚያከራክር አንድ ነገር በልማድ መልክ ይታያል። የተሟጋቹ ጥቅም ከሙግቱ ውጤት ጋር የተሳሰረ ነው፤ ከረታ ያገኛል፣ ከተረታ ድካሙ ከንቱ ነው። ይህ ዓይነቱ ትስስር ገንዘብ ለሌለው ወገን በር ይከፍታል። ያንኑ ያህል ደግሞ ሙግትን የኑሮ ዘዴ የሚያደርጉ ሰዎችን ያፈራል። የርስት ክርክሮች ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፉ የኖሩት በከፊል ለዚህ ነው።

የሮማውያን ጭንቀት

ይህ ጭንቀት የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በሮም ለሌላ ሰው መሟገት የጨዋ ሰው ውለታ እንጂ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም ይባል ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ204 ዓመት የወጣው የኪንኪያ ሕግ ተሟጋቾች ስለ ሙግታቸው ስጦታ እንዳይቀበሉ ከለከለ። ሕጉ ግን በተግባር አልተከበረም፤ ስጦታው በጓሮ በር መግባቱን ቀጠለ። በመጨረሻም ንጉሠ ነገሥት ክላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ47 መከልከሉን ትቶ መጠን ወሰነለት፦ ከ10,000 ሴስተርስ እንዳይበልጥ። እ.ኤ.አ. በ301 ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ የዕቃና የአገልግሎት ሁሉ ዋጋ ሲተምን ለጠበቃ ክስ ለመክፈቻ 250 ዲናር፣ ለሙግቱ 1,000 ዲናር ቆረጠ። በዚያው ዐዋጅ የአንድ የእርሻ ሠራተኛ የቀን ዋጋ ከምግቡ ጋር 25 ዲናር ነበር። ስለዚህ አንድ ገበሬ ጠበቃ ለማቆም ቢፈልግ ክሱን ለማስከፈት የ10 ቀን፣ ለማሟገት የ40 ቀን ድካሙን መክፈል ነበረበት።

በእንግሊዝ አገርም ተመሳሳይ ክብር ተመሳሳይ ግብዝነት ወልዶ ነበር። በፍርድ ቤት የሚሟገተው ባሪስተር የሚቀበለው ገንዘብ ክፍያ ሳይሆን የምስጋና ስጦታ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ባይከፈለው እንኳ መክሰስ አይችልም ነበር፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1863 በፍርድ ጸና። ነገሩን የሚያዘጋጀው የሕግ ወኪል ግን ሊከስ ይችላል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1729 የወጣው ሕግ ደንበኛውን ከመክሰሱ በፊት የሒሳቡን ዝርዝር ፈርሞ እንዲሰጠውና አንድ ወር እንዲጠብቅ አዘዘው። ደንበኛው የሚከፍለውን ነገር አስቀድሞ በዝርዝር ማየት መብቱ ነው የሚለው ሐሳብ ሥር ከሰደደባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

ገንዘቡ ከዳኛው ገበታ ወደ ጠበቃው ገበታ

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ የያዙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበሩ። «አፈ ንጉሥ» የሚለው ማዕረግ ራሱ የንጉሡ አፍ ማለት ነው፤ አንደበት በፍርድ ሥርዓቱ ውስጥ የነበረውን ቦታ ያሳያል። ዘመናዊው የፍርድ ቤት አወቃቀር ግን በሚገባ የተዘረጋው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 2 ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አደራጀ። ዳኝነት ቀስ በቀስ ከአገር አስተዳዳሪነት እየተለየ፣ ዳኛውም ከመንግሥት ግምጃ ቤት ደመወዝ የሚቆረጥለት ባለሥልጣን እየሆነ መጣ። የዳኝነት ክፍያም በ1945 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት ለመንግሥት የሚገባ፣ በክሱ ገንዘብ ልክ የሚሰላ ታሪፍ ሆነ።

ይህ ለውጥ ከሚታሰበው በላይ ትልቅ ነበር። የተሟጋቹ ማርና በቅሎ ከዳኛው ደጅ ቀረ። ነገር ግን የሙግት ወጪ አልጠፋም፤ ቦታውን ብቻ ለወጠ። ፍርድ ቤቱ የጽሑፍ ክስ፣ የጽሑፍ መልስ፣ የተቆጠረ ቀጠሮ፣ የሰነድ ማስረጃ መጠየቅ ሲጀምር፣ ከዋርካው ሥር ያሸነፈበት ምላስ ብቻውን የማይበቃው ሰው በዛ። እ.ኤ.አ. በ1952 የጠበቆች ምዝገባ ደንብ ሲወጣ ጥብቅና ማንም ንግግር አዋቂ የሚገባበት ሳይሆን ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ሆነ። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት ደግሞ በትምህርት የሠለጠነ የሕግ ባለሙያ በአገር ውስጥ መውጣት ጀመረ።

ለጠበቃ መክፈል የማይችለው ሕዝብ በበኩሉ የራሱን መፍትሔ አገኘ። በየፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ ጥላ ዘርግተው፣ በኋላም የጽሕፈት መኪና አስቀምጠው የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች የድኻው ጠበቃ ሆኑ። የሚከፈላቸው በገጽ ነበር፤ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ገጹ ተቆጥሮ ሳንቲሙ ይከፈላል። እስከ ዙፋን ችሎት የሚደርስ አቤቱታ ሳይቀር በነዚህ ሰዎች እጅ ተጽፏል። ብዙዎቹ ሕግ በትምህርት ቤት አልተማሩም፤ ዳኛ ምን ዓይነት ቃል እንደሚያዳምጥ ግን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የጥንቱ የሙግት ጥበብ ወደ ወረቀት የተሻገረው በከፊል በነርሱ ብዕር ነው።

ሕጉ ስለ ክፍያ ምን አለ?

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁ በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ የተዘጋጀ ሲሆን የውክልናን ጉዳይ በሰፊው ደንግጓል። በሕጉ ለጠበቃና ለደንበኛ ግንኙነት የሚጠቅሙ ሦስት ነጥቦች አሉ።

አንደኛው ክፍያን ይመለከታል። ወኪል የሚከፈለው በውሉ የተወሰነው ነው። በውሉ ያልተወሰነ እንደሆነ ግን የወኪሉ ሥራ ሙያው ከሆነ ክፍያ ይገባዋል፤ መጠኑንም ፍርድ ቤት በታወቀው ተመንና ልማድ መሠረት ይቆርጠዋል። ከዚህም በላይ አስቀድሞ የተስማሙበት ዋጋ ከተሠራው ሥራ ጋር ሲመዛዘን ከመጠን ያለፈ መስሎ ከታየ ዳኛው ሊቀንሰው ይችላል። «ውል ሕግ ነው» በሚባልበት ሥርዓት ውስጥ ይህ ልዩ ሥልጣን ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ደንበኛ ከጠበቃ ጋር ሲዋዋል የሚገኘው ብዙ ጊዜ በጭንቀት ሰዓት ነው፤ የሚገዛውም ዋጋውን ራሱ ሊገምት የማይችለውን ነገር ነው።

ሁለተኛው የውልና የውክልና ልዩነት ነው። ብዙ ሰዎች ሁለቱን አንድ አድርገው ያያሉ። የጥብቅና ውል ጠበቃውና ደንበኛው ለምን ሥራ ስንት እንደሚከፈል፣ መቼ እንደሚከፈል የሚስማሙበት ነው። ውክልና ግን ደንበኛው ለሦስተኛ ወገኖች «ይህ ሰው በእኔ ስም ይቁም» ብሎ የሚሰጠው ሥልጣን ነው። ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚያገለግል ደንግጎ፣ ክስ ለመመሥረት ወይም ለመከራከር፣ ለመታረቅ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። በውጭ አገር የሚኖር ሰው በኤምባሲ በኩል ውክልና ልኮ አገር ቤት ያለ ንብረቱን ሲያስከብር ይህ ልዩነት የቃል ጉዳይ አይሆንም። ለመከራከር ብቻ የተሰጠ ወረቀትና ለመታረቅም ለመሸጥም የሚያበቃ ወረቀት በአንድ መስመር ይለያያሉ፤ ያቺ መስመር ቤት ልታስቀር ወይም ልታስወስድ ትችላለች።

ሦስተኛው ነጥብ የተደነገገው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ፍርድ ቤቱ የክርክሩን ወጪና ኪሳራ ማን እንዲሸፍን የመወሰን ሥልጣን አለው፤ የረታው ወገን ዝርዝሩን አቅርቦ ይጠይቃል። የጠበቃ አበልም ከዝርዝሩ ይገባል። በዚህ ድንጋጌ ውስጥ የጥንቱ ውርርድ ተገልብጦ ይታያል፦ የተረታ ይከፍላል፤ የሚከፍለው ግን ለዳኛው ሳይሆን ለረታው ነው። ሆኖም ፍርድ ቤት የሚቆርጠው ኪሳራና ደንበኛው ለጠበቃው በእርግጥ የከፈለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ስለዚህ ረትቶም የጎደለበት ሰው ጥቂት አይደለም። ይኸው ሕግ የዳኝነት ክፍያ ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው በድኻ ደንብ ክስ እንዲያቀርብ ፈቅዷል። በሩ ተከፈተ ማለት ነው፤ ከበሩ ውስጥ የሚናገርለት ሰው ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ ሆኖ ቆየ።

ከአብዮቱ ወዲህ

በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወደቀ፤ ዙፋን ችሎትም አብሮ ቀረ። በዚያው ዓመት የካቲት የገጠር መሬት፣ ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የሕዝብ ሀብት ሆኑ። የትውልድ ሙግት የነበረው የርስት ክርክር መሠረቱ ተናደ። የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ ፍርድ ሸንጎዎች አነስተኛ ጉዳዮችን ማየት ጀመሩ። በነዚህ ሸንጎዎች ጎረቤት ጎረቤቱን የሚዳኝ በመሆኑ የጠበቃ ቦታ ጠበበ። ለድኻው ይህ እፎይታ የነበረበት ጊዜ አለ፤ ለውርርድም ለገጽም የማይከፈልበት ችሎት ነበርና። በአንጻሩ ደግሞ ዳኛውም ከሳሹም የአንድ ሥልጣን አካል በሆኑበት ጊዜ፣ በመካከል ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ብዙዎች በሕይወታቸው አይተውታል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት እንዳለው፣ ለመክፈል አቅም ባይኖረውና ፍትሕ የሚጓደልበት ሁኔታ ቢያጋጥም ደግሞ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ደነገገ። የተከላካይ ጠበቃ አገልግሎት በዚህ ላይ ቆመ። በ1992 ዓ.ም. ስለ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጠበቆች ፈቃድ አሰጣጥ የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 199 ፈቃዱን በደረጃ ከመክፈሉም ሌላ የኅብረተሰቡን ጥቅም በነጻ ለሚያስከብሩ ጠበቆች ልዩ ፈቃድ ፈጠረ። በዚያው ዓመት የወጣው የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዘዘ። የሮማውያኑ የውለታ ሐሳብ በሰዓት ተቆጥሮ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

በተግባር የተለመደው አከፋፈል ደግሞ በክሱ ገንዘብ ልክ በመቶኛ ተሰልቶ ወይም ቁርጥ ዋጋ ተነግሮ በየደረጃው የሚከፈል ነው፦ ውሉ ሲፈረም ቅድመ ክፍያ፣ ምስክር ሲሰማ ሁለተኛው፣ ፍርድ ሲሰጥ የቀረው። ድርጅቶች በበኩላቸው በወር ቁርጥ አበል እየከፈሉ ቋሚ የሕግ አማካሪ ይይዛሉ። ይግባኝ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አለመግባባት የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው፤ ደንበኛው «ነገሩ እስኪያልቅ» ብሎ የተዋዋለ ይመስለዋል፣ ጠበቃው ደግሞ «ለዚህ ፍርድ ቤት ብቻ» ነው ይላል። የነገረ ፈጅ ጥንታዊ ትርጉም እዚህ ላይ እንደገና ይነሣል፦ ነገር የሚያልቀው የት ነው? በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት ዐዋጅ ቁጥር 1249 ቀድሞ በየግላቸው ብቻ ይሠሩ የነበሩ ጠበቆች በሽርክና ድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ ፈቅዶ የጠበቆች ማኅበርን በሕግ አቋቁሟል። በዚህ መልክ ደንበኛው የሚዋዋለው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ሳይሆን ከድርጅት ጋርም ሊሆን ችሏል።

ድንበር ሲሻገር

ከሞያሌ ማዶ ያለው ሥርዓት የተቀዳው ከሌላ ምንጭ ነው። ኬንያ የወረሰችው የእንግሊዝን የሕግ ልማድ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የጠበቆች ሕጓ በብዙ ነጥብ ከኢትዮጵያው ይለያል። የጠበቃ አበል በታሪፍ የተደነገገ ሲሆን ከዝቅተኛው ወለል በታች ደንበኛ መሻማት የዲሲፕሊን ጥፋት ነው። የክፍያ ስምምነት የሚጸናው በጽሑፍ ሆኖ ደንበኛው ሲፈርምበት ነው። ጠበቃው ላልተከፈለው ገንዘብ ከመክሰሱ በፊት የሒሳብ ዝርዝሩን ሰጥቶ አንድ ወር መጠበቅ አለበት፤ የ1729ኙ የእንግሊዝ ሕግ ጥላ በግልጽ ይታያል። ደንበኛው ሒሳቡ በዝቶበት እንደሆነ የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር እንዲመረምርለት ያመለክታል። «ከረታሁ ትከፍለኛለህ፣ ካልረታሁ ምንም» የሚለው ስምምነት ግን በሕጉ ዋጋ የለውም። በዳሞት የነበረው ፈጅ፣ ወገኑ ሲረታ ድርሻ የሚቀበለው ሰው፣ በናይሮቢ ፍርድ ቤት ውሉን ቢያቀርብ ተቀባይነት ባላገኘ ነበር።

ሁለቱ ሥርዓቶች የተለያየ ፍርሃት አላቸው። የኬንያው ሕግ የሚፈራው ጠበቃው የሙግቱ ተካፋይ ሆኖ ነገር እንዳይፈልግ ነው። የኢትዮጵያው ሕግ ይበልጥ የሚፈራው የተጨነቀ ደንበኛ ያላግባብ እንዳይበዘበዝ ነው፤ ስለዚህም ዋጋውን አስቀድሞ በመተመን ፈንታ ኋላ የሚቀንስ ዳኛ አስቀመጠ። ሁለቱም ፍርሃቶች መሠረት አላቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሄደ ነጋዴ ወይም ስደተኛ የለመደውን መንገድ ይዞ ቢገባ የሚሳሳተውም ለዚህ ነው፤ በአንዱ አገር የደንበኛ መጠጊያ ዳኛው ሲሆን በሌላው ታሪፉና የሒሳብ ዝርዝሩ ነው።

የቀረው ጥያቄ

ከማር ውርርድ እስከ ጥብቅና ውል ያለው ታሪክ ሲጠቃለል አንድ አቅጣጫ ያሳያል። መጀመሪያ ተሟጋቹ የሚከፍለው ለሚፈርድለት ሰው ነበር፤ አሁን የሚከፍለው ለሚናገርለት ሰው ነው። ዳኛውን ከገበያው ማውጣት ትልቅ ድል ነው፤ ፍትሕ የሚባለው ነገር ያለዚያ ሊቆም አይችልምና። ይሁን እንጂ ዳኛው የማይሸጥ ቢሆንም አንደበቱ የሚሸጥ ሆኖ እስከቀረ ድረስ፣ ጥሩ አንደበት የገዛና ያልገዛ ሰው በአንድ ችሎት ፊት ሲቆሙ ሚዛኑ እኩል አይሆንም። የ50ው ሰዓት ግዴታ፣ ተከላካይ ጠበቃው፣ የድኻ ደንቡ ሁሉ ያንን ሚዛን ለማቃናት የተቀመጡ ጠጠሮች ናቸው።

በዋርካው ሥር ቃል አጥታ የቆመችው ያቺ ሴት ዛሬ በሲሚንቶ ሕንፃ ኮሪደር ላይ ፋይሏን ታቅፋ ተራዋን ትጠብቃለች። ማር ይዛ መምጣት አይጠበቅባትም፤ ዋስ አጥታም በሰንሰለት አትቆራኝም። የጎደላት አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ስለ እርሷ የሚናገር፣ ዋጋውንም አስቀድሞ በግልጽ የሚነግራት ሰው። ቋንቋው ለዚህ ሰው ሁለት ስም አዘጋጅቶ ቆይቷል። ጠበቃ ይሁን ነገረ ፈጅ፣ ስሙን የሚያጸናለት ሥራው ነው።